መቅመስ መብላት አይደለም ያሉት ጋሽ ማንኪያ

የአማቴ አንድ ተራ ቀን ስንት ያስወጣቸዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ በገንዘብ አልመልስላችሁም። የገንዘቡን ነገር እሳቸውም በቅጡ አያውቁትም። እኔ የምቆጥረው ሌላውን ነው። ጠዋት የብርቱካን ሳጥን ከጋሪ ላይ ማውረድ ወገባቸውን ያስከፍላቸዋል። የብረት መዝጊያውን ወደ ላይ መግፋት ትከሻቸውን። እስከ ምሳ ከደንበኛ ጋር መቀለድ ድምፃቸውን፤ ከምሳ በኋላ ከፍራፍሬ አምጪው ጋር መከራከር ደግሞ የተረፈውን ድምፃቸውን። ማንጎ ሲልጡ ጥፍራቸው ቢጫ ይሆናል፤ አናናስ ሲልጡ ጣታቸውን ያቃጥላቸዋል። ቀኑን ሙሉ ቆመው ስለሚውሉ ማታ እግራቸው ከጫማ አልወጣም ብሎ ያምፃል። ከሁሉ በላይ ግን የሚሠራው ምላሳቸው ነው። ምላሳቸው እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም።

የባለቤቴ አባት ናቸው፤ እኔም እንደ እሱ አባባ እላቸዋለሁ። ጁስ ቤታቸው ከመንገዱ ጥግ፣ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያዘው። ነጭ ሸክላ የለበሰ ግድግዳ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው የሚያንኮራፋ ማቀዝቀዣ፣ የእጅ መጭመቂያ፣ የኤሌክትሪክ መፍጫ፣ ተደፍተው የተደረደሩ ብርጭቆዎች፤ ያለው ይኸው ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ፍሬ እልጣለሁ። ልጄ ባዶ የብርቱካን ሳጥን ውስጥ ትራስ ተነጥፎላት እንደ ዳኛ ቁጭ ብላ ሁላችንንም ትታዘበናለች።

ሰፈሩ የአባባን ስም ከረሳው ቆይቷል። «ጋሽ ማንኪያ» ነው የሚላቸው። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ እሳቸው ረጅም እጀታ ያለው ማንኪያ ይሰካሉ። ማንኛውም ብርጭቆ ለደንበኛ ከመቅረቡ በፊት ከጆጉ ወደ ማንኪያው ጠብ ያደርጉና ይቀምሳሉ። ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ከዚያ ወይ «ይሂድ!» ይላሉ፣ ወይ ስኳር ወይ ሎሚ ጨመር አድርገው፣ ማንኪያውን አለቅልቀው፣ እንደገና ይቀምሳሉ። መፍጫው ሥር አንድ ጉንጭ የምታህል ከቀረችም አትደፋም። «ዛፉ ስንት ደክሞ አፍርቶ!» ይሉና ጭልጥ ያደርጓታል።

ይህን ልማድ ያስለመዷቸው እማማ ናቸው። ጁስ ቤቱ በተከፈተ ሰሞን አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ መጥታ የአናናስ ጁስ አዘዘች አሉ። አንዴ ተጎነጨች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ሒሳቧን አስቀምጣ ትንፍሽ ሳትል ሄደች። በነጋታው ተመልሳ መጣችና «ዛሬ መጀመሪያ አንተ ቅመሰው» አለቻቸው። ቀመሱ። «ኧረ ይሄ ጁስ አይደለም፣ ኮምጣጤ ነው!» ብለው ደፉት። ሌላ ሠሩ፤ ያንንም ቀመሱ። ያቺ ልብስ ሰፊ የዛሬዋ አማቴ ናቸው። «እኔ ያገባሁት እሱን አይደለም፣ ምላሱን ነው፤ የቀረው ተከትሎ መጣ» ይላሉ እማማ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ቀን ፍራፍሬ አምጪው ግሬፕፍሩት ይዞ መጣ። ከሩቅ ሲያዩት ብርቱካን ይመስላል፣ ግን ይበልጠዋል፤ ሲቆርጡት ውስጡ ይቀላል፣ ጣዕሙ መረር ይላል። አባባ አንዱን ቆርጠው ቀመሱና ግንባራቸውን ሰበሰቡ። ሌላ ቆርጠው ቀመሱና ፈገግ አሉ።

«ይኼ ፍሬ ጠባዩ አልተያዘም፤ አንዱ ማር፣ ወንድሙ እሬት» አሉኝ። «እንዲህ ያለውን ነው የምወደው። ብርቱካንማ ማንም ይጨምቀዋል!»

ግሬፕፍሩቱን ከአናናስ ጋር አዋህደው፣ ዝንጅብል ጠብ አድርገው ሠሩት። ሰው ወደደው። ከፎቶ ቤቱ፣ ከባንኩ፣ ከትምህርት ቤቱ እየመጡ «ያንን መረር የሚለውን!» ይሉ ጀመር። የፍሬው ጠባይ እንደዚያ ስለሆነ ደግሞ አንዴ ቀምሶ መተው የለም። እያንዳንዱ ብርጭቆ ይቀመሳል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይቀመሳል። ማንኪያው ኪስ ለመግባት ጊዜ አጣ።

አባባ ከዚያ በፊት ጀምሮ የደም ግፊት ክኒን ይወስዱ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ጠዋት ጠዋት በውሃ ይውጣሉ፣ አንድም ቀን አያጓድሉም፤ ግፊታቸውም ልክ ገብቶ ነበር። ግሬፕፍሩቱ ከመጣ ወዲህ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ። ፊታቸው ያለ ምክንያት ቀላ ይላል። ልባቸው ድው ድው ሲል ደረታቸውን ይዘው ይቆማሉ። ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ፤ ይሄንንስ መቆም ያመጣው ነው አልን። ከታች ሳጥን አንስተው ቀና ሲሉ ግን ጠረጴዛውን ጨብጠው «ቆይ፣ ቤቱ ይቁምልኝ» ይሉ ጀመር። እንደ ቀልድ ስለሚሉት እኛም ሳቅን።

አንድ ጠዋት ቤቱ አልቆመላቸውም። ሙሉ ጆግ ይዘው ተንገዳግደው ጀርባቸው ከማቀዝቀዣው ጋር ተላተመ። ጆጉ ወደቀ። እሳቸው ግን ማቀዝቀዣውን ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ። ልጄ ከሳጥኗ ውስጥ አጨበጨበች፤ ጨዋታ መስሏታል።

የዚያን ዕለት ባለቤቴ ከሥራ እንደተመለሰ ሰማ። ሲፈራ የሚቆጣ ሰው ነው።

«በቃ አባባ! ዛሬ ማቀዝቀዣው ያዘዎት፣ ነገ ቢላ ይዘው ቢወድቁስ? ሌላ ቀን እንዲህ ከሆኑ ቤቱን እንዘጋዋለን። ክፍሉን እናከራየውና እርስዎ አርፈው ይቀመጡ።»

«ተቀምጬ ምን ልሁን?» አሉ አባባ። «የመጋረጃ ዘመድ? ቀን ሙሉ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ መንገደኛ ልቁጠር?»

«ያርፉ ነው ያልኩት።»

«እኔ ሳርፍ አይተኸኝ ታውቃለህ? አላውቅበትም እኮ!» አሉና ሣቅ ለማለት ሞከሩ፤ ሣቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ማንኪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። እኔ የዚያን ማንኪያ ውልወላ አይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ለእሳቸው ጁስ ቤቱ መተዳደሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚሆኑበት ቦታ ነው።

በነጋታው ይዣቸው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለካ፤ ወርዷል። «ክኒኑን ደግመው ይወስዳሉ እንዴ?» አላቸው። «ኧረ በፍጹም!» አሉ። እውነት ነው፤ ክኒኑን ከማሸጊያው እያወጣሁ የማቀርብላቸው እኔ ነኝ።

«አዲስ የጀመሩት ምግብ አለ?»

«የለም።»

«ፍራፍሬስ ያዘወትራሉ? ጁስ ይጠጣሉ?»

አባባ ሳቁ። «እኔ ሻጭ ነኝ ዶክተር። ሻጭ የራሱን ዕቃ ከበላ ምኑን ሻጭ ሆነ? ጁስ አልጠጣም።»

እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አባባ አልዋሹም፤ እኔም አልዋሸሁም። በኛ ቤት ቋንቋ መጠጣት ማለት ብርጭቆ ይዞ ቁጭ ብሎ ነው። መቅመስ ሥራ ነው። ግንበኛን «አሸዋ ትበላለህ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲውጥ እየዋለ እንኳ፣ «አልበላም» አይልም? ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጠንና ግፊቱን በየጠዋቱ እንድንለካ፣ ከባሰባቸው ቶሎ እንድንመጣ ነግሮን ተመለስን።

ቀጠሮው ሳይደርስ ግን መፍትሔው በእግሩ ወደ ጁስ ቤቱ መጣ። ፀሐይዋ ከረር ባለችበት ቀን፣ መንገዱን ተሻግሮ ካለው መድኃኒት ቤት አዲስ የገባችው ፋርማሲስት ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን መረር የሚለውን ይስጡኝ።»

«አቤት! ለሐኪም ቤት ሰው ተጠንቅቄ ነው የምሠራው» አሉ አባባ። ጨመቁ፣ አዋሀዱ፣ ቀመሱ። ሎሚ ጨመሩ፣ ቀመሱ። «ትንሽ ይቀረዋል» አሉና እንደገና ቀመሱ። ከመፍጫው ሥር የቀረችውንም ጨለጧት። ብርጭቆውን ሲያቀብሏት ፊታቸው ቀልቶ፣ በሌላው እጃቸው ጠረጴዛውን ጨብጠው ነበር።

ልጅቷ ብርጭቆውን ተቀበለች እንጂ አልጠጣችም። ዓይኗ ማንኪያው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ለሁሉም ደንበኛ እንዲህ ነው የሚቀምሱት?»

«ታዲያስ! ሳይቀመስ አይሸጥም።»

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«መድኃኒት እንኳ የለም። የግፊት ክኒን ብቻ ናት።»

እኔ ከቦርሳዬ ማሸጊያውን አውጥቼ አሳየኋት። ስሙን አየችና ብርጭቆዋን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይቺን ክኒን ከግሬፕፍሩት ጋር!»

«ከግሬፕፍሩት ጋር አይደለም ልጄ» አሉ አባባ እየተቆጡ። «በውሃ ነው የምውጣት፣ ያውም ገና በጠዋቱ! ይሄን የምቀምሰው ከረፋዱ በኋላ ነው።»

«ሰዓቱን ቢያራርቁትም ዋጋ የለውም ጋሼ። ፍሬው የሚሠራው ሥራ ቶሎ አይለቅም፣ ቀኑን አልፎም ይቆያል። አንጀታችን ውስጥ አንዳንድ መድኃኒቶችን እየሰባበረ የሚቀንስ ነገር አለ። ሐኪም መጠኑን ሲያዝ ያ እንደሚቀነስ አስቦ ነው። ግሬፕፍሩት ያንን ቀናሽ ሥራ ያስፈታዋል። ስለዚህ ክኒኗ ያው አንድ ናት፣ ደምዎ ውስጥ የሚገባው ግን እንደ ብዙ ክኒን ይሆናል። ግፊትዎ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ማዞሩም፣ እብጠቱም፣ የልብ ምቱም ከዚያ ይመጣል።»

አባባ መጭመቂያውን አዩት። ከዚያ ወንፊቱን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ቆይ ቆይ። እንደዚህ ወንፊት ነው በይኛ? ወንፊቱ ካለ ጥቂቱ ይወርዳል፣ የቀረውን ያስቀራል። እኔ ግን ወንፊቱን አንስቼ ነዋ ስጨምቅ የከረምኩት፤ ከነፍሬው፣ ከነልጣጩ!»

«እንዲያውም እኔ ከዛሬ ጀምሮ ለሰው እንደዚህ ብዬ ነው የማስረዳው» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

«እንዲህ ከሆነማ ክኒኗን እተዋታለሁ!»

«እንዳያደርጉት!» ሳቋ ጠፋ። «ክኒኗን በራስዎ ካቆሙ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ያኛው ደግሞ ይብሳል። የሚተዉት ፍሬውን ነው። ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይንገሩት።»

«አንዲት ማንኪያ እኮ ናት ልጄ! ለአንዲት ማንኪያ ነው ይሄ ሁሉ?»

እዚህ ላይ እማማ ገቡ። ለካስ ምሳ ይዘው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል። ሳህኑን አስቀመጡ፣ ማንኪያውን ከአባባ እጅ ቀሙ፣ ከመደርደሪያው ባዶ ጆግ አወረዱ።

«አንተ ሰው፣ ሥራህን ሥራ። እጅህ ወደ ማንኪያ በሄደ ቁጥር ያንተን ድርሻ እዚህ ጆግ ውስጥ እጥላታለሁ። አፍህ ግን ዛሬ ሥራ የለውም።»

የምሳ ሰዓት ደንበኛ «ያንን መረር የሚለውን!» እያለ መግባት ጀመረ። አባባ ይጨምቃሉ፤ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ኪሳቸው ይሄዳል፤ እማማ «እሺ!» ይሉና አንድ ማንኪያ ወደ ጆጉ። አባባ ስኳር ይጨምራሉ፤ እጃቸው ይሄዳል፤ «እሺ!» አንድ ማንኪያ ወደ ጆጉ። መፍጫው ሥር የምትቀረው ጉንጭም ወደ ጆጉ። ደንበኞቹ ነገሩ ሲገባቸው እንደ ጨዋታ ያዙት፤ የባንኩ ዘበኛማ ጁሱን ጨርሶ እንኳ አልሄድም ብሎ ቆሞ «እማማ፣ አሁንም እጃቸው ሄደ!» እያለ ይጠቁም ነበር። ማንኪያ በሌለበት ምላሳቸው ብቻዋን ከንፈራቸውን ስትልስ ልጄ ሳትቀር ሳቀች።

ግፊያው ጋብ ሲል እማማ ጆጉን አንስተው በብርጭቆ ቀዱት። አንድ ብርጭቆ ሞላ። ሁለተኛውም ሞላ። ሦስተኛው ላይ ጆጉ አለቀ፤ እሱም ቢሆን ከግማሽ በላይ ደርሷል። ሦስቱንም ፊታቸው ደረደሩላቸው።

አባባ ብርጭቆዎቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። «ይሄ ሁሉ... እኔ ሆድ ነበር የሚገባው? ያውም በምሳ ሰዓት ብቻ?»

«ምን ነካህ፣ አንተ እኮ ሻጭ ነህ» አሉ እማማ። «ሻጭ የራሱን ዕቃ አይበላም።»

አባባ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እውነተኛ ሳቃቸው ነበር፤ ትከሻ የሚያንቀጠቅጠው። ከሳቁ መለስ ሲሉም «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለካ ሆድም ባዳ ኖሯል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስን። አባባ እየተሽኮረመሙ «ዶክተር፣ ያን ዕለት አልጠጣም ያልኩት...» ብለው ጀምረው ሁሉንም ነገሩት። ሐኪሙ ሲሰማ ሳቀና «ጥፋቱ የኔም ነው፤ ይቀምሳሉ ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። ክኒኑ የሚስማማቸው ስለሆነ እንዲቀጥሉበት፣ ግሬፕፍሩት ግን በማንኪያም በጉንጭም እንዳይነኩ አዘዘ። ብዙ ሳይቆይ ፊታቸው መቅላቱን ተወ፣ እብጠቱ ሟሸሸ፣ የሚለካው ግፊታቸውም ቦታው ገባ። ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት ያህል በየማታው እግራቸውን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከረመና በመጨረሻ «ቤቱን የማከራየቱ ነገር... እኔ እኮ በንዴት ነው» አለ። አባባ «አውቃለሁ፣ ንዴትህን ከአባትህ ነው የወረስከው» አሉት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ያ መረር የሚለው ጁስ ምን ይሁን? ሰው ይፈልገዋል። አባባ ደግሞ ያልተቀመሰ አይሸጡም። ለራሳቸው ሲሉም ሕጋቸውን አይሽሩም። የግሬፕፍሩቱ ሳጥን ጥግ ላይ ቆሞ እሳቸው ዞር ዞር ይሉበታል።

እማማ ሽርጥ አሰሩ። «እኔ እቀምሳለሁ።»

«አንቺ? ጨውና ስኳር ሳትለዪ?»

«ያን ዕለት ኮምጣጤህን ማን ለየው?»

አባባ ጆጉን አቀበሏቸው። እማማ ግን ቀልደው አልቀሩም። እሳቸውም የጉልበት ሕመም ክኒን ስላላቸው መጀመሪያ መንገዱን ተሻግረው ፋርማሲስቷን ጠየቁ። የእሳቸውን ክኒን አይታ ችግር የለውም አለቻቸው። የግፊት ክኒን እንኳ ሁሉም ዓይነት ከግሬፕፍሩት ጋር አይጣላም አለች፤ ከሚጣሉት ውስጥ ደግሞ ለኮሌስትሮል የሚታዘዙ አንዳንዶቹም አሉበት። ጣፋጩ ብርቱካን ለአባባ ክኒን አያሰጋም፤ ለማርማላታ የሚሆነው ኮምጣጣው ብርቱካን ግን የግሬፕፍሩትን ጠባይ ይዟል። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ክኒን ይዞ ይጠይቅ እንጂ ከጎረቤት ክኒን አይማር አለች።

አሁን ጁስ ቤቱ ውስጥ ማንኪያው ሁለት ሆኗል። ብርቱካኑን፣ ማንጎውንና አናናሱን አባባ ይቀምሳሉ። ግሬፕፍሩቱን እማማ። እማማ ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ አባባ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ቆመው ይጠብቃሉ። «ሎሚ ያንሰዋል» ይባላሉ፤ ይጨምራሉ። «አሁንስ?» «ደህና ነው፤ በወጣትነትህ ከሠራኸው ይሻላል።» ደንበኛው ለጁሱ ይምጣ ለክርክሩ አይታወቅም፤ ብቻ ይመጣል።

አባባ ሌላም ሥራ ጨምረዋል። ግሬፕፍሩት ያዘዘውን ሁሉ «ክኒን ይወስዳሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ጎረምሳ «እኔ የታመምኩ እመስላለሁ?» ብሎ ተቆጣቸው። አንዲት ሴትዮ «ዕድሜዬን በዘዴ ሊያወጣጡኝ ነው እንዴ?» ብለው ከእሳቸው ጋር ተሳሳቁ። አንድ ፀጥ ያሉ አስተማሪ ግን ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «አዎ፣ እወስዳለሁ» አሏቸው። አባባ እጃቸውን ይዘው መንገዱን አሻግረው ፋርማሲስቷ ዘንድ አደረሷቸው። አስተማሪውም ሲመለሱ የማንጎ ጁስ ጠጡ።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው አባባ ብርቱካን እየጨመቁ ነበር። እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ፣ ማንኪያቸውን ኪሳቸው ሰኩ፣ ፎቶ የሚነሱ ይመስል ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እንግዲያው ለሚያነበው ሰው ይሄን ብለሽ ጻፊልኝ» አሉኝ። «እኔ ቤት ሲመጣ ክኒን ትወስዳለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው አይቆጣኝ፣ አይፈርብኝም። ሐኪሙም ሲጠይቀው ብርጭቆውን ብቻ አይንገረው። ማንኪያውንም ይንገረው፤ እባክሽ።»